ሆደ ባሾች የጠየቁኝ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች ከዝምተኞችና ከሆደ ባሾች ይበዛሉ። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የወደድኳት ልጅ «እንደ ወንድሜ ነው የማይህ» ካለችኝ ቆየ። አሁንም ደረቴን ያመኛል። ጓደኞቼ «ወንድ ልጅ በዚህ ይታመማል?» ይላሉ። ጤነኛ አይደለሁም እንዴ?

መልስ፦ ነህ እንጂ። በ2003 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ናኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቿ ሰዎችን የአንጎልን ምስል በሚያነሳ ማሽን ውስጥ አስተኝተው የኮምፒውተር ኳስ አጫወቷቸው። መሃል ላይ ሌሎቹ ተጫዋቾች ኳሷን ማቀበል አቆሙ። ይኼው ነው። ሰውነት ሲያመን ከሚነቁት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ያኔም ነቃ። ከማያውቁት ሰው ኳስ ተነፍገው እንዲህ ከሆኑ፣ አንተ ቢያምህ ምን ይገርማል? ልጅቷ ግን አልበደለችህም፤ አልፈልግም ማለት መብቷ ነው። ለጊዜው ቴሌግራሟን ማየት አቁም። «ወንድምነቱም» ትንሽ ይቆይ።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ የጻፍኩትን ሪፖርት ስብሰባ ላይ የራሷ አድርጋ ታቀርባለች። እኔ ፈገግ ብዬ እቀመጣለሁ። ቤት ስገባ ግን ታናሽ እህቴ ላይ እጮሃለሁ። ቆሽቴ አርሯል።

መልስ፦ እህትሽ ምን አጠፋች? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን በ1993 እ.ኤ.አ. ሰዎችን የሚያስጠይፍ ፊልም እያሳዩ «ፊታችሁ ላይ ምንም እንዳይታይ» አሏቸው። ፊታቸው ተረጋጋ፤ የውስጥ ስሜታቸው ግን አልቀነሰም፣ በሰውነታቸውም አንዳንድ የውጥረት ምልክቶች ጨመሩ። ንዴትም ከዚህ የሚርቅ አይመስለኝም። ስብሰባ ላይ የዋጥሽው ማታ ሳሎን ውስጥ ይወጣል።

ሰው ፊት ተጋፈጪ አልልሽም፤ ለዝምተኛ ሰው ያ ቅጣት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሪፖርቱን ከስብሰባው በፊት በራስሽ ስም ለአለቃሽ በኢሜይል ላኪ። ባልደረባሽንም ሲሲ አድርጊያት፣ ግልባጩ ይድረሳት። ከዚያ ሻይ ሰዓት ላይ ለብቻዋ ያዣትና «ያ ሪፖርት የእኔ ሥራ ነው። ከአሁን በኋላ እኔው ላቅርበው» በያት። ቀድመሽ ወረቀት ላይ ጻፊው። «እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» የምትል ጭራ አትቀጥዪበት። ድምፅሽ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ይንቀጥቀጥ። ይሉኝታን አልጠላም፣ ያለ እሱ ጎረቤት ከጎረቤት አይኖርም። እዚህ ላይ ግን የምትከፍዪው አንቺ ብቻ ነሽ፤ እህትሽም ተጨምራ።

ጥያቄ፦ ንዴቴ እንዲወጣልኝ ጂም ገብቼ ቦክስ ብመታስ?

መልስ፦ ምታ፣ ግን ያናደደህን ሰው ፊት እያሰብክ አይሁን። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብራድ ቡሽማን በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የደበደቡ ተማሪዎች ዝም ብለው ከተቀመጡት የባሰ ተናደዱ።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄን ጓደኞቿ ልደት ሳይጠሯት ቀሩ። ክፍሏን ዘግታ እራት አልበላም አለች። አባቷ «ምን ያስኮርፋታል» ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በሩን አይደብድቡባት። እራቷን ከድነው ያስቀምጡላት። በማግስቱ አብራችሁ ሽንኩርት ስትልጡ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ «ትናንት ከፍቶሽ ነበር አይደል?» ይበሏት። ከዚያ ዝም ይበሉ። ምክሩ ይቆይ። እንደ እሷ ሆደ ባሻ የሆኑ ሰዎችን ያጠናችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኢሌን አሮን ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ በተፈጥሮው ስሜተ ስስ ነው ትላለች፤ ስለዚህ ልጅዎ የተለየች ፍጡር አይደለችም።

ምግብና እንቅልፍ እምቢ ማለቷ ከቀጠለ ወደ ሐኪም ይውሰዷት። መኖር አስጠላኝ ካለች ደግሞ ብቻዋን አይተዋት፤ የዚያኑ ዕለት ይሂዱ። አባቷንም፣ በልጅነታቸው ሳይጠሩ የቀሩበት ድግስ ካለ እሱን ያጫውቷት ይበሏቸው።