መልስ፦ ከጎረቤት ፎቅ ግቢን ለመከለል የትኛው ዛፍ ይሻላል?

እህቴ፣ ጎረቤት ፎቅ ሠርቶ ግቢሽ ከበረንዳው ቁልጭ ብሎ ከታየ መሳቀቅሽ አይገርምም። ቡና እንኳ በነፃነት አይጠጣም። ለአዲስ አበባ አየር እኔ የፈረንጅ ጥድ እመርጣለሁ። ቶሎ ያድጋል፣ ዓመቱን ሙሉም አረንጓዴ ነው። ችግኙን ክረምቱ ሲገባ በ1 ሜትር ርቀት ደርድሪው። ከአጥሩ ራቅ ይበል፤ ሥሩ ግንቡን እንዳይገፋ።

ዋናው ነገር መከርከሙ ነው። ከልጅነቱ ጀምረሽ ጎን ጎኑን በየጊዜው ከርክሚው። ችላ ብለሽው ቆይተሽ ቅጠል የሌለው ቡናማ እንጨት ድረስ ከቆረጥሽው፣ እዚያ ቦታ ዳግም አያቆጠቁጥም፤ ክፍተቱ እንዳለ ይቀራል።

ባሕር ዛፍ ግን አደራ! ውኃውን መጦ አትክልትሽን ይጎዳብሻል። ጥዱ እስኪደርስ በበረንዳው ትይዩ ኮባ ትከይ፤ ሰፊ ቅጠሉ ቶሎ ይከልልሻል።