ክፉ ገጸ ባሕርይን በብርሃንና በጥላ መቅረጽ፦ ለአንድ የፊልም ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣

የቴአትር ጥበባት ትምህርትዎን ሊያጠናቅቁ መቃረብዎንና በሲኒማቶግራፈርነት (የፊልም ካሜራና ብርሃን ኃላፊነት) ሥራ ለመግባት የሚያቀርቡትን አጭር ፊልም በማዘጋጀት ላይ መሆንዎን ገልጸውልናል። የቸገረዎት ክፉውን ገጸ ባሕርይ ያለ ጥቁር ልብስና ያለ ፊት ጠባሳ እንዴት ማሳየት እንደሚቻል ነው። ጠባሳውን ለመተው ማሰብዎ ተገቢ ነው፤ የአካል ጉዳትን የክፋት ምልክት ማድረግ ጉዳቱን ተሸክመው የሚኖሩ ሰዎችን መበደል ነውና።

ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 በጀርመን የሠራውን «ኤም» የተሰኘ፣ ስለ ሕፃናት ገዳይ የሚተርክ ፊልም ደጋግመው እንዲመለከቱ እመክራለሁ። አንዲት ልጅ ኳሷን የምታነጥረው ገዳዩን ላስያዘ ሰው ሽልማት እንደሚሰጥ በሚገልጽ ማስታወቂያ ላይ ነው፤ የገዳዩ ጥላ በዚያው ማስታወቂያ ላይ ያርፍና ኳሷ እንዴት እንደምታምር ሲነግራት እንሰማለን። ግድያው ከቶ አይታይም፤ የሚታየን እናቷ ያዘጋጀችው ባዶ ሳህን፣ ሣር ላይ እየተንከባለለ የሚወጣው ኳስና ሽቦ ላይ የተያዘው ፊኛ ነው። ቆይቶ የገዳዩን ፊት ስናይ ማንም መንገደኛ ሊሆን የሚችል ሰው ሆኖ እናገኘዋለን፤ በእኔ እምነት የፊልሙ አስፈሪነት ከሁሉ በላይ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ለሙያዎ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሲኒማቶግራፈሩ ጎርደን ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1972 «ዘ ጎድፋዘር» ላይ የሠራው ብርሃን ነው። መብራቱን ከአናት በላይ በማድረጉ የማፊያውን አለቃ የሚጫወተው የማርሎን ብራንዶ ዓይኖች በጥላ ተሸፈኑ፤ ተመልካቹም ሰውየው የሚያስበውን ከዓይኑ ማንበብ ተሳነው። ይህን አቀማመጥ እንዲመርጥ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ተዋናዩን ሽማግሌ ለማስመሰል የተሠራው ሜካፕ እንደነበረ ልብ ይበሉ፤ ሲኒማቶግራፈር ከሜካፕ ባለሙያው ጋር ሳይመካከር መብራት ሊተክል አይገባም።

ካሜራን ዝቅ አድርጎ ገጸ ባሕርይውን ከታች ወደ ላይ መቅረጽ ለጀግናም ለክፉም ስለሚያገለግል ብቻውን አይበቃዎትም።

እንግዲህ አንድ ተዋናይ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር እየደጋገመ እንዲናገር በማድረግ፣ በአንድ መብራት ብቻ መጀመሪያ ከፊት ለፊት፣ ከዚያም ከጎን፣ በመጨረሻም ከአናት በላይ ያንሱት። ሦስቱን ምስሎች ከፊልምዎ ጋር ያያይዙና የትኛውን ለየትኛው ትዕይንት እንደመረጡ፣ ስለ ምንስ እንደመረጡ በአንድ ገጽ ያብራሩ፤ ቀጣሪው ዳይሬክተር ለቃለ መጠይቅ ሲጠራዎት ውይይቱን ከዚያ ገጽ መጀመር ትችላላችሁ።