ጥርስ በሚነጣበት ጊዜ የሚሰማውን መጠዝጠዝ መቀነስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው፤ ያደግሁት ግን ወንጂ ስለሆነ ጥርሴ ቡናማ ነው። ከአንድ ወር በፊት በአንድ ክሊኒክ ማስነጣት ጀምሬ፣ በማግሥቱ ቀዝቃዛ ውኃ ስጠጣ ክፉኛ ስለጠዘጠዘኝ አቋረጥሁ። ልቀጥል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሕመሙ ጥርስዎ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በክሊኒክ የሚቀባው ማንጫ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያለበት ሲሆን፣ በጥርሱ ጠንካራ ሽፋን አልፎ በደቂቃዎች ውስጥ ነርቩ ወዳለበት ክፍል ስለሚደርስ ነርቩን ያስቆጣዋል። ይህ ስሜት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል። እስካሁን ካልለቀቀዎ፣ ወይም አንድ ጥርስ ብቻ ለይቶ ሌሊት የሚቀሰቅስዎ ከሆነ፣ ምክንያቱ የተቦረቦረ ወይም የተሰነጠቀ ጥርስ ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ ይመርመሩ።

መቀጠል ይችላሉ፤ ነገር ግን ሳይዘጋጁ አይሂዱ። ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት አስቀድመው 5 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይቦርሹ፤ አረፋውን ይትፉ እንጂ አፍዎን በብዙ ውኃ አይጉመጥመጡ። ፖታሲየም ነርቩን የሚያረጋጋው ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ በዋዜማው መጀመር ብዙም አይጠቅምም። ሕመም ማስታገሻ አይቡፕሮፌን አስቀድሞ መውሰድም ለአጭር ጊዜ ሊረዳ ይችላል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያምዎ ከሆነ ግን አይውሰዱት።

ለእርስዎ የምመርጠው ግን ቀስ ያለውን መንገድ ነው። በጥርስዎ ልክ በተሠራ ማቀፊያ ቤትዎ ሆነው የሚጠቀሙበት 10 በመቶ ካርባማይድ ፐሮክሳይድ ያለው ማንጫ፣ ጉልበቱ ከ3.5 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጋር ስለሚቀራረብ ሕመሙ ይቀላል፤ ከጠዘጠዘዎም አንድ ቀን ዘልለው መቀጠል ይችላሉ። በብርሃንና በሙቀት ማፋጠን ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል፤ ዘላቂ ጥቅሙም አልተረጋገጠም። በሎሚ ወይም በከሰል መፈተግ ደግሞ ሽፋኑን የሚያሳሳ ስለሆነ፣ እባክዎ ፈጽሞ አያድርጉት።

የወንጂ ልጅ በመሆንዎ አንድ ነገር ልጨምር። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ ማለትም በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም፣ ይበልጣል፤ ቡናማው ቀለም የመጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ማንጣት ያደበዝዘዋል እንጂ ሁልጊዜ አያጠፋውም፤ ስለዚህ የመድኃኒቱን ጉልበት ከማስጨመርዎ በፊት፣ ላዩን በስሱ ፍቆ የማስለቀቅ ሕክምና ይስማማዎት እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። በሕክምናው መካከል ሕመም ከተሰማዎ ደግሞ መድኃኒቱ ወዲያው እንዲጠረግልዎ እጅዎን ያንሡ።