የቤታችሁን ቀን ቀድማችሁ ቁረጡ

ልጆቼ፣ ብዙ ዘመን ከባንድ ጋር ቤዝ ጊታር ስጫወት አገር ላገር ዞሬአለሁ። አሁን ማና ወረዳ፣ ከቡናዬ ጋር ነኝ። ከጅማ ከተማ ወጣት ሙዚቀኞች እየመጡ «እንዴት ልውጣ?» ይሉኛል። ስለ መመለስ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም።

መውጣቱን አልቃወምም። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ ተወልደው፣ ለንደንና ቦስተን ድረስ ሄደው ተምረዋል። እናንተም ሂዱ፣ ተማሩ፣ ሥሩ። የምለምናችሁ ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊት የቤታችሁን ቀን እንድትቆርጡ ነው።

የእኛ ሥራ የሚደራው ቤት በምንፈለግበት ሰዓት ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ ሲሆን ሰው ከቤተሰቡ ጋር ነው፤ ሙዚቀኛ መድረክ ላይ ነው። ቡናውም አይጠብቅም። እዚህ ለቀማው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። አንድ ዛፍ ላይ ያለው ፍሬ እንኳ እኩል ስለማይቀላ ተመላልሶ መልቀም አለ። የተለቀመው እንዲደርቅ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ቶሎ ቶሎ ካልተገላበጠ ይሻግታል። ያረጀ ቡና ደግሞ ከተጎነደለ፣ ማለትም እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ግንዱ ከታች ከተቆረጠ በኋላ ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ይሄን ሁሉ ከሆቴል ክፍል ሆኖ በስልክ ማዘዝ አይቻልም።

ልጅ ደግሞ ከቡናም ይብሳል። ከረጅም ቱር ስመለስ ትንሿ ልጄን «ነይ» ስላት መጀመሪያ የምታየው እናቷን ነበር፤ ልሂድ አልሂድ ለማለት። በላክሁት ብር ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፣ የትምህርት ቤት ተከፍሏል። እሷ ግን የምትፈልገው ሰው ነው። ያኔ ለባንድ መሪያችን «ኅዳርን አትንካብኝ» አልኩት። ቅር አለው። ኋላ ግን ለኅዳር ሌላ ቤዚስት መፈለግ ለመደ፤ እኔም ሥራዬን አላጣሁም። ጎበዝ ከሆናችሁና አስቀድማችሁ ከተናገራችሁ ሰው ይሰማችኋል።

እድሩም አለ። ወርሃዊውን የትም ሆናችሁ በቴሌብር ትከፍላላችሁ። ድንኳን መትከል፣ ቀብር መድረስ፣ ከለቀስተኛ ጋር ማምሸት ግን ውክልና የለውም። ሰፈሩ የእኔ የሚላችሁ በዚያ ነው።

ስትመለሱ እንቅልፋችሁ መቃወሱ አይቀርም። ሌሊት 10 ሰዓት መተኛት የለመደ ገላ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሥ ሲሉት እምቢ ይላል። ወራት ቢፈጅም ይለምዳል፣ አትደንግጡ። መሣሪያችሁን ግን እንዳትሰቅሉ። ሠርግ ሲኖር ጎረቤት ይጠራችኋል፤ ሂዱና ተጫወቱ፣ ዋጋ አትቁረጡ።

የዘንድሮው ለቀማ ሊጀመር ነው። ቱር ያለባችሁ ዛሬውኑ ከአስተባባሪያችሁ ጋር ተነጋገሩ። የሌለባችሁ ቅዳሜ ወደ እኔ ኑ። ቅርጫት ሞልቷል፤ ማታ ደግሞ አብረን ልምምድ እናደርጋለን።