የድሬዳዋ ሙቀት የሰውነታችንን ኢንዛይሞች ይጎዳል ወይ?

«ግንቦት ላይ ድሬዳዋ እንዲህ ስትግል በሰውነታችን ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች አይበላሹም ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ ኢንዛይሞች (በሰውነት ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጦችን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች) ጤነኛ ሰው ላይ አይበላሹም። የድሬዳዋ ሰፈር በሆነችው ከዚራ ላይ አየሩ ከ35 ዲግሪ ቢያልፍም፣ ላብና የደም ዝውውር የውስጥ ሙቀታችንን 37 ዲግሪ አካባቢ ይጠብቁታል። የሚያሰጋው ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ተስኖት የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ነው፤ ያን ጊዜ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ የግድ ነው።

ከሰውነት ውጭ ግን ነገሩ ይለያል። ጥሬ ድንች ቆርጠው ከፋርማሲ በሚገዛ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ቢጨምሩ፣ በድንቹ ውስጥ ያለው ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ፈሳሹን ወደ ውሃና ኦክስጅን ስለሚከፋፍለው ነጭ አረፋ ወዲያው ይኩረፈረፋል። ቀዝቃዛ ድንች በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ሲሆን አረፋው ዘግየት ይላል፤ ሲሞቅ ግን ይበረታል። የተቀቀለው ድንች ቢቀዘቅዝም አረፋ አይሰጥም፤ ምክንያቱም ኢንዛይሙ ፕሮቲን በመሆኑ፣ ሥራውን የሚሠራበት የተጣጠፈ ቅርጽ በፈላ ውሃ አንዴ ከፈረሰ አይመለስም። ተማሪዎች አጥብቀው ሊይዙት የሚገባው ይህ ይመስለኛል፦ ቅዝቃዜ በአብዛኛው ያዘገያል እንጂ እንደ ፈላ ውሃ አያፈርስም። ስለዚህ ያው ሙከራ ደጋ ቀመሷ ሐረር ላይ ቀስ ቢል ድንቹ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

የአሲድ መጠንም የኢንዛይምን ሥራ ይወስናል፤ መለኪያው ፒኤች ይባላል፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። ፕሮቲን የሚፈጨው የጨጓራ ኢንዛይም ፔፕሲን የሚበረታው ፒኤች 2 አካባቢ በሆነው የጨጓራ አሲድ ውስጥ ሲሆን፣ ወደ 7 በሚጠጋ ፒኤች የሚሠራው ስታርች የሚፈጨው የምራቅ ኢንዛይም አማይሌዝ ግን እዚያው አሲድ ውስጥ ሥራውን ያቆማል።