ዕርቁን ለፋሲካ አቆየሁት

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ሐረር ካለው ታላቅ ወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ውርስ ከተኳረፍን 3 ዓመት ሆነን። ልታረቀው ወስኛለሁ፤ በዐቢይ ጾም ብሄድ ግን ነገር ተነሥቶ ጾሜ እንዳይበላሽ ፈርቼ ለፋሲካ አቆየሁት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ውሳኔሽን እግዚአብሔር ይባርከው። ቀኑን ግን ተሳስተሻል። ብዙ ምእመናን ጾምን እንደ ታጠበ ነጠላ ያዩታል፤ ሰው ከነካው ያድፋል ብለው ከሰው ይሸሻሉ። እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ፣ ይሰግዳሉ፣ የተጣሉት ሰው ስም ሲነሣ ግን ፊታቸው ይጠቁራል። ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር፣ ለተራበ መቁረስን፣ የታረዘ ማልበስን ካነሣ በኋላ «ከሥጋ ዘመድህ እንዳትሸሽግ» ይላል (58፥7)። አንቺ እየጾምሽ የተሸሸግሽው ከማን ነው?

ሆሳዕናን አስቢ። ከቅዳሴ በኋላ ጸሎተ ፍትሐት ሲደረግ ብዙ ሰው ለሞቱት ብቻ መስሎት ዘንባባውን ይዞ ወደ ቤቱ ይቸኩላል። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ ያ ጸሎት በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ አስቀድሞ የሚደረግ ነው። የሚያርፈው ማን እንደሆነ ካህኑም አያውቅም። የዘንባባ ቀለበት በጣቱ ያሰረው ሕፃን ሳይቀር እዚያ የቆመ ሁሉ የራሱን ፍትሐት እየሰማ ሊሆን ይችላል። ፋሲካን ሁለታችሁም እንደምትደርሱበት ማን ነገረሽ? ከሆሳዕና ማግስት ጀምሮ ደግሞ የይሁዳን መሳም እያሰብን መሳሳም እንተዋለን። ወንድምሽን አቅፈሽ የምትስሚው ከዚያ በፊት ነው።

«ጥፋቱ የእርሱ ነው» እንዳትዪኝ። ጌታችን «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው» ብታስብ መባህን ትተህ ሂድ አለ እንጂ (ማቴ. 5፥23-24) የበደለው ይሂድ አላለም። በሕይወት ሳለ ደጁን ያልረገጡት ወንድም ሲሞት ድንኳን ጥለው በ40 ቀኑ ተዝካር የሚደግሱ አሉ። ለሞተ መጸለይ ይጠቅማል፤ «ይቅር በለኝ» የሚለውን ቃል ግን በሕይወቱ ሳለ በጆሮው ካልሰማው፣ መልሱን ከእርሱ አትሰሚም።

አካሄድሽን አስተካክዪ። በሥራ ቀን 9 ሰዓት ላይ፣ በባዶ ሆድ፣ በደንገጎ ዳገት በሚኒባስ ተንገላተሽ ደጁ አትድረሺ፤ የራበው ሰው ምላሱ ይሾላል። እሑድ አስቀድሰሽ፣ ቀምሰሽ ሂጂ። የቤቱን ካርታ ቦርሳሽ ውስጥ አትያዢ። ገብተሽ «ይቅር በለኝ» በዪና ዝም በዪ። ዕርቅ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ ቀጥላ በምትመጣው «ግን አንተም» በምትለው ቃል ነው። ውርሱ ሌላ ቀን፣ በሽማግሌ ፊት ይታያል፤ ይቅርታና ክፍፍል በአንድ ቁጭታ አይሁኑ። በስልክ መልእክትም አትጨርሺው፤ የተጻፈ ቃል ፊት የለውምና በክፉ ይነበባል።

ደጁን ቢዘጋብሽ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘሽ ተመለሺ (ማቴ. 18፥16)። የአባታችሁን ወዳጅ ምረጪ እንጂ በውርሱ ክርክር ላንቺ የመሰከረውን አትውሰጂ። አሁንም እምቢ ካለ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ተብሏል (ሮሜ 12፥18)፤ በአንቺ በኩል ያለው ተፈጽሟልና ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ስሙንም ከጸሎትሽ አታውጪ።

የፊታችን እሑድ ኒቆዲሞስ ነው፤ ከሆሳዕና በፊት የቀረሽ እሑድ እርሱ ብቻ ነው። ማልደሽ አስቀድሺና ተነሺ።