ቤት ስትገዙ የድሮውን ዲድ (የባለቤትነት ሰነድ) አንብቡ

ዋሽንግተን ዲሲ የገባ ሐበሻ ብዙ ሳይቆይ አንድ ወሬ ይሰማል። «እኛ በአሥር ዓመት ቤት ገዛን፤ እነዚህ ጥቁር አሜሪካውያን እዚሁ ተወልደው ምን ሠሩ?» ታክሲ በምነዳበት ጊዜ እኔም ብዬዋለሁ።

ክትፎ የምንበላበት ዩ ስትሪት ከእኛ በፊት የጥቁር ሐኪም፣ ጠበቃና ነጋዴ ሰፈር ነበር። ዲሲ ውስጥ ባርነት የቀረው እንደ ፈረንጆቹ በ1862 ነው። በ1867 ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ በ1870 ደግሞ ኋላ ደንባር የተባለው የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እዚያ አስተማሪ መሆን ትልቅ ነገር ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ወይም መልእክተኛ መሆንም እንደዚያው። ደመወዙ ብዙ ባይሆንም በየወሩ ይመጣል። ቤት የተገዛው፣ ልጅ የተማረው በእሷ ነው።

ደግሞ እድር ነበራቸው። አዎ፣ እድር! ትሩ ሪፎርመርስ የሚባል ማኅበር መዋጮ ይሰበስባል፣ አባል ሲሞት ለቤተሰቡ ይከፍላል። በ1903 ዩ ስትሪት ላይ ያሠራው ሕንፃ ዛሬም ቆሟል። የነደፈውም ጥቁር አርክቴክት ነው፣ ጆን ላንክፎርድ።

ታዲያ ምን ሆኑ? በ1913 ፕሬዚዳንት ዊልሰን ሲመጣ የፌደራል መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ጥቁርና ነጭ ሠራተኛ መለየት ተስፋፋ፤ የእድገት በር ተዘጋ። ቤት ልግዛ ያለውን ደግሞ ዲዱ ይከለክለዋል። ብራያንት ስትሪት ላይ «ለኔግሮ አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል ውል ነበር። ሐርድ የሚባሉ ባልና ሚስት ቤቱን ገዝተው ተከሰሱ። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው።

እንዲህ ያለው አንቀጽ በአንዳንድ የድሮ ዲድ ላይ እስከ ዛሬ ተጽፎ ይገኛል፤ ጉልበት የለውም እንጂ። ስትገዙ ፈልጉት። ያኔ ቢሆን «ሐበሻ ነኝ» ማለት ያድናችሁ ነበር?

በ2005 የዩ ስትሪትን አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» እናስብለው ሲባል የሰፈሩ ነባር ጥቁሮች ተቃወሙ። እኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ቢጠይቁኝ ከእነሱ ጋር እቆማለሁ።

ምግብ ቤት ያላችሁ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ቡና ሊጠጡ ሲገቡ የት እንደተማሩ ጠይቋቸው። «ደንባር» ካሉ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፤ ሁለተኛው ስኒ በእናንተ ይሁን።